ራቁቱን የማይተው ብረት

ኮርቢኒያን ያን ጠዋት የት ነበር?

ቫልቡርጋ ሾርባ ስታማስልም፣ አልጋ ስታነጥፍም ይህ ጥያቄ አልለቃት አለ። የልጅ ልጇ ገና ሳይነጋ ወጥቶ፣ ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ ሳይቀር ዐይኑን ጨፍኖ ሁለት እጆቹን በአየር ላይ ያዞራል። እንዲህ ያደርግ የነበረው ሎሬንትስ ነው። የበረዶ ጋሪ የሚሮጥበትን የውድድር መንገድ ኩርባ በኩርባ፣ ዐይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ ይነዳው ነበር። አሁን ሎሬንትስ የለም፤ እጆቹ ግን እዚህ ቤት ገብተው የተቀመጡ መሰላት።

«ተው ልጄ፣ እጅህን አውርድ።»

«ሳላውቀው ነው፣ ኦማ» አለ፤ አያቱን የሚጠራት እንዲህ ነው።

በቦብስሌይ፣ ማለትም በበረዶ ጋሪ ውድድር፣ ሁለቴ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሎሬንትስ የሞተው ጋሪው በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ነው። ከመደገፊያው የተገለበጠው ከባድ ጋሪ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ በእጁ የብርጭቆ ወረቀት እንደያዘ ያን ጠዋት ተገኘ። የጋሪውን ተንሸራታች የብረት እግሮች ሲያለሰልስ ወደቀበት ተባለ። መንደሩ አደጋ ነው ብሎ ሊቀብረው ሲሰናዳ የፖሊስ ኮሚሳር ሄዳ ብሩክል ከከተማ መጣች። ጉንፋን የያዛት አጭር ሴት ናት።

«ኮርቢኒያን ያን ጠዋት የት ነበር፣ ወይዘሮ ቫልቡርጋ?»

«እዚሁ። ቁርስ ሲበላ።»

«ምን በላ?»

«ዳቦ በአይብ። እንቁላልም... ይኼም ይጠየቃል?»

«ምግብ ሲነሳ ሆዴ አያስችለውም» አለች ኮሚሳሯ፤ አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሳች።

ኮሚሳሯ ኮርቢኒያንን ይዛ ወደ ጋሪው ቤት ስትሄድ ቫልቡርጋም ልጁን ብቻውን አልሰጥም ብላ ተከተለች። ባሏን የበላባት ይኸው የበረዶ መንገድ ነው። ያኔ ጋሪውን ይነዳ የነበረው ኦትማር ተርፎ፣ ኋላ ሎሬንትስን ከልጅነቱ ያሠለጠነው እሱ ሆነ። መንገዱ ባዶ ሲሆን እንኳ የብረቱ ጉርምርምታ ከግድግዳዋ ውስጥ ይሰማታል።

ሬሳውን ያገኘው ሽማግሌው ኦትማር ነበር።

«በሩን ከፈትኩ፣ አየሁት፣ ጮኽኩ። ምንም ነገር አልነካሁም።»

«አንቺስ?» አለች ኮሚሳሯ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ አፍራ ዞራ።

«እኔማ ምኑ ነኝ? ሚስቱ ይኼ ብረት ነው!» አለች አፍራ። «ሰሞኑን ደግሞ ሁለተኛውን ሜዳሊያ ካልመለስኩ ብሎ አበደ። ለምን ብለው አይነግረኝም።» ከዚያ ኮርቢኒያንን አየችው። «ሜዳሊያው ግን የሁለት ሰው ነው፤ እሱ ከመለሰው ይኼም ያጣዋል። ከኋላ ገፍቶ ጋሪው ውስጥ የሚዘለውና ፍሬን የሚይዘው ይኼ ነው።»

ቫልቡርጋ የልጁን ክንድ ያዘች።

ኮሚሳሯ ተንበርክካ የጋሪውን ብረት በጣቷ ነካች። «አፍንጫዬ ተዘግቷል። ኮርቢኒያን፣ ምን ይሸታል?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «የዝይ ሞራ» አለና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

በማግስቱ ኮሚሳሯ ሁሉንም በቫልቡርጋ ሳሎን ሰበሰበች። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ብረት እየፈገፈገ ያለ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ስብ አይቀባም» ብላ ጀመረች። «ይኼ ግን ተቀብቷል። ከሞራው ሥር ደግሞ የደም ጠብታ አለ። ስለዚህ የተቀባው ሎሬንትስ ከሞተ በኋላ ነው።»

«ሬሳ አጠገብ ቆሞ ጋሪ የሚቀባ ምን ዓይነት እብድ ነው?» አለች አፍራ።

«እጁ የለመደ ሰው ነው። አደጋ ለማስመሰል ብረቱን ፈገፈገና ወረቀቱን ሬሳው እጅ ላይ አስያዘ። የተፈገፈገ ብረት ግን ሳይቀባ ካደረ ይዝጋል። ጋሪ ላይ የኖረ ሰው ያን ትቶ መውጣት አይሆንለትም። እዚህ ካላችሁት ውስጥ እንዲህ ዓይነት እጅ ያላቸው ሁለት ናቸው። ኮርቢኒያን፣ አንተ ምን ትቀባለህ?»

«የማሽን ዘይት። ሎሬንትስም እንደዚያው። ሞራ የሚቀባው...» ኦትማርን አየ።

ኦትማር እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«ለሁለተኛው ሜዳሊያ ውድድር ብረቶቹን አሙቄአቸው ነበር» አለ። «የሞቀ ብረት በረዶ ላይ ይበራል፤ ክልክል ነው። ሎሬንትስ አያውቅም ነበር። በቀደም ሰክሬ አመለጠኝ። ሜዳሊያውን ካልመለስኩ አለኝ፤ ስሙን በገዛ እጁ ሊያጠፋ! ያዝኩት፣ ገፋሁት፣ ከመደገፊያው ጋር ሲላተም ጋሪው መጣበት።» እጆቹን ሱሪው ላይ ጠረጋቸው። «የሱ ብረት ነው። እንዴት ዝጎ ይደር?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። አፍራም እያለቀሰች ተከተለች።

«ተመስገን! ልጄ ነጻ ነው!» አለች ቫልቡርጋ።

ኮርቢኒያን ግን ወደ ኮሚሳሯ ዞሮ፣ «እኔን የት ነበርክ ብለው አልጠየቁኝም» አለ።

«ባለ እሾህ የበረዶ ጫማህን ዱካ የውድድሩ መንገድ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ።»

«ሎሬንትስ ከእንግዲህ አንተ ትነዳለህ ብሎኝ ነበር። ኩርባዎቹን በእግሬ ላጥና ብዬ ወጣሁ። ስመለስ መሞቱን መንገድ ላይ ነገሩኝ። ታዲያ ኦማ ምን አለች?»

ኮሚሳሯ አሮጊቷን አየቻት። «ቁርስ እየበላ ነበር አለች።»

«ኦማ?»

«ፈርቼ ነው ልጄ... እንዳይወስዱህ ብዬ።»

«ለምን ይወስዱኛል?»

ቫልቡርጋ ዐይኗን ከሱ አሸሸች። ልጁ ፊቷን አተኩሮ አየ። እንደጠረጠረችው ማወቁን አወቀች።

«ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አለች። «ውጭ ብርድ ነው፣ ኮርቢ። መጀመሪያ ትንሽ ቅመስ።»

ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ፣ በሩን ከፈተና ወጣ።