ባዶ የተመለሰው ሳህን

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። የማያውቁት ሰውስ? አናጢውን ብትጠይቁት እንዴታ፣ ይናፍቃል እንጂ ይላችኋል። መሐላ ካስፈለገም ይምላል።

ነገሩ የጀመረው ከአውራ ጣቱ ነው። በገዛ አገሩ የቁም ሳጥን በር ሲቆርጥ መጋዙ አምልጦት ጣቱን ሸረከተው። በጨርቅ ጠቅልሎ ክሊኒክ ሲደርስ፣ ለሁለት ዓመት ሥልጠና ከሩቅ የመጣች ነርስ ተረኛ ነበረች።

«ፊትህን አዙር፤ ልሰፋው ነው።»

«ሥራ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል» አላት።

«መጋዙን ስትስብም እንዲህ ብታይ ኖሮ እዚህ ባልመጣህ!»

«እንኳን አላየሁ!»

መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ጣቱ እየደማ መሆኑን ሁለቱም ለአፍታ ረሱት።

ክሩ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ጣቱ ድኗል፤ ሰውየው ግን ብሶበታል። እሷ «የኔ ቁስለኛ» ትለዋለች፤ እሱ «ሐኪሜ» ይላታል። ሁለቱ ዓመት እንዴት እንዳለቀ አላወቁትም። ሲያልቅ ግን እሷ አንድ ማታ አንገቷን ደፍታ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ብቻውን ነው። እዚህ መቅረት አልችልም» አለችው።

«እሺ፤ እኔ እመጣለኋ!»

«ቀላል አይደለም። እማዬ ልትሞት ስትል ምዬላታለሁ። አባባ ሳይመርቀኝ አላገባም።»

«ታዲያ ይመርቁናላ!»

«አባባን አታውቀውም» አለችው።

መዶሻውን፣ መላጊያውን፣ ሞረዱን ጠቅልሎ ተከተላት። የሰጡት የመቆያ ፈቃድ አራት ወር ነው። በአራት ወር ውስጥ ወይ የአባትየውን ምርቃት አግኝቶ ያገባታል፣ ወይ ዕቃውን ይዞ ወደመጣበት ይመለሳል። አባትየው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሰዓት እንደ ታቦት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ለልጃቸው «እስቲ ልየው» አሏት። ከዚያ ወዲያ ስለ ጋብቻ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ከቤቱ ኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጡት። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ወደ ሥራ ስትሮጥ በሩን አንኳኳችበት።

«ራት አባባ ጋ ትበላለህ። አሥራ ሁለት ሰዓት! አንድ ደቂቃ እንዳታሳልፍ።»

«አንቺስ?»

«በሥራ ቀን ሁሌ ተረኛ ነኝ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ነው ቤት የምገባው። ደግሞ እኔ ክፍሌ ውስጥ ነው የምበላው፤ ለምጄዋለሁ።»

ይህን ስትል ዓይኑን አላየችውም። ያኔ ለምን ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ምን ያደርጋል፣ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ማታ በሰዓቱ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ብርጭቆ ቀርቧል። ግራና ቀኝ ሁለት ወንበር አለ። አባትየው ጓዳ ናቸው። ሁለት ሳህን ለሁለት ሰው ነው ብሎ አናጢው በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው የሾርባውን ድስት ይዘው ሲወጡ አዩትና ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ቀረቡና ቀዱለት።

ሾርባው ወፍራም ነው፤ ባቄላ፣ ድንች፣ ጎመን ያለበት። ጨው ግን የለውም። እንግዳ ጨው አይጠይቅም ብሎ ዝም ሊል ሲል፣ የጨው ዕቃዋን ከቀኝ እጁ አጠገብ አገኛት። አመስግኖ ነሰነሰ። የራበው ሰው ነውና የቀረውን በዳቦ ጠርጎ በላ። ሽማግሌው ሳህኑን አንስተው ጓዳ ገቡ። ውሃ ከፈቱ፤ ብዙ ቆዩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ኑሮው ይኸው ሆነ። ጠዋት ወደ አንድ የወንበርና የጠረጴዛ ማምረቻ ይሄዳል። ቋንቋ ስለሌለው በእጁ ይናገራል፤ ምስማር ሲፈልግ መዳፉን ይወጋል፣ ሙጫ ሲፈልግ ሁለት ጣቱን ያጣብቃል። ምሳው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነው። የአገሩ ወጥ ሽታ በአፍንጫው ሲመጣበት መላጊያውን አጥብቆ ይገፋል። እሁድ እሁድ ነርሷ ይዛው ትወጣለች፤ ሁለቱም አንዱ ምግብ ቤት ተቀምጠው ምግቡን ትተው ሲተያዩ ያመሻሉ። በሌላው ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ግን እሱ ከሽማግሌው ጋር ነው።

ሽማግሌው ይናገራሉ። ቀስ ብለው፣ እሱን ሳይሆን ከትከሻው በላይ መስኮቱን እያዩ። ከአምስት ቃል አንዷ ብትገባው ነው፤ «ጉልበቴ»፣ «ዝናብ»፣ «ልጅቷ»። ሲጨርሱ መልስ የሚጠብቁ ይመስለዋልና ለሁሉም «እሺ አባባ» ይላል። «የኔ ዓለም» የሚሏትን ቃል አዘውትረው ሲጠሯት ሰማና ደስ የምትል የሰላምታ ቃል መሰለችው። አንድ ቀን ሥጋ ቤት ገብቶ ባለ ትልቅ ጢሙን ሥጋ ሻጭ፣ «የኔ ዓለም፣ ግማሽ ኪሎ!» አለው። ሰውየው ቢላውን ጥሎ ተንከተከተ። ወሬው ማምረቻው ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «የኔ ዓለም፣ መጋዙን አቀብለኝ!» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

ወንበሩ ግን ሌላ ነገር ነበረው። በተቀመጠ ቁጥር ይሞቀዋል፤ ሰው አሁን ገና የተነሳበት ይመስላል። አንዱ እግሩ ተነቃንቆ ነበርና በሦስተኛው ሳምንት ሙጫ አምጥቶ አጠበቀው። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ሲያዩት ቆዩ። ጓዳው ግድግዳ ላይ ሽርጥ ተሰቅሏል። ከምድጃው ሥር የሴት ነጠላ ጫማ አለ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የተጣጠፈ መነጽር ተቀምጧል። የሟቿ መሆናቸውን ያውቃል፤ ማንም ባይነግረውም ይገባዋል። እየዋለ እያደረ ማምረቻው ውስጥ ቆሞ፣ አንድም ቀን ያላያትን ሴት ማሰብ ጀመረ። ሲቀመጥ ከጀርባው ቆማ የምታየው ይመስለዋል። መፍራት ሲገባው አልፈራም። እንዲያውም እሁድ ሳይቀመጥ የቀረ እንደሆነ ቅር ይለዋል፣ አንድ ሰው ይናፍቀዋል።

ሦስት ወር ከሃያ ቀን ሞላ። ምርቃቱ የለም። ነርሷ ከስታለች። «አሥር ቀን ቀረን» ትለዋለች፣ እሱም «አውቃለሁ» ይላታል፤ ከዚያ በላይ ሁለቱም አይችሉም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የሥራ ጓደኛዋ ተረኝነት ለወጠቻትና ነርሷ ሳይታሰብ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቤት ገባች። በሩን ስትከፍት እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ሳህኑን በዳቦ ይጠርጋል። ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ተነስ! ተነስ ከዚያ!»

አናጢው ዳቦው በአፉ እንዳለ ብድግ አለ። «ምን ሆንሽ?»

«የእማዬ ነው! ወንበሩም ሳህኑም የእማዬ ነው!»

ሽማግሌው ጭልፋውን እንደያዙ ቀሩ። ሳህኑን አነሱና ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ።

እሷ ተከትላው ወደ ኋለኛዋ ክፍል መጣች። አናጢው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? አባቴ ለሞተች ሚስቱ በየማታው ራት ያቀርባል ልበልህ? እብድ ነው እንድትለው? እንግዳ ሲመጣ ሦስተኛ ሳህን የሚያስቀምጥ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሁለት ሳህን ሳይ ለኔ መሰለኝ። ወይኔ ጉዴ! አራት ወር ሊሞላ ነው የሟች ራት ስበላ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ቁስለኛ። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ያንን የሞላ ሳህን እያየሁ መዋጥ አቃተኝ። ሥልጠናውንም የሄድኩት ከሱ ሸሽቼ ነው።»

«እስቲ ልየው ብለው ነበር። ይኸው አዩኝ» አለ። አቅፋው አለቀሰች፤ እሱ ግን የሚያስበው በመጀመሪያው ማታ ድስቱን ይዘው ደርቀው የቀሩትን ሽማግሌ ነበር። ስትወጣ መዶሻውን፣ መላጊያውን፣ ሞረዱን ጠቀለለ።

በማግሥቱ ማታ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ይቅርታ ጠይቆ ሊሰናበት ነው። ነርሷም ፈቃድ ጠይቃ ከሥራ ቀርታለችና አብራው መጣች፤ ከበሩ ግን አላለፈችም። እሱም መድረኩ ላይ ቆመ።

«አንድ ደቂቃ አሳለፍክ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሽማግሌው ድስቱን ይዘው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ እንደወትሮው ሁለት ሳህን አለ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላውቅ ነው…»

«ተቀመጥ።»

«የት?»

«የት ነበር የምትቀመጠው?»

ተቀመጠ። ወንበሩ ይሞቃል። ሽማግሌው ቀዱለት፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱን ትተው ፊቱን እያዩ ተናገሩ። ያልገባውን ነርሷ በሩ ላይ ሆና ትተረጉምለታለች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ በየማታው ቀዳሁላት። በየማታው ሞልቶ ይመለሳል። በየማታው በገዛ እጄ እደፋዋለሁ። በየቀኑ መልሼ የምቀብራት ያህል ነበር፤ ገባህ? አንተ የመጣህ ዕለት ‹ተነስ› ልልህ ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ራበህና በላህ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ጓዳ ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።»

ነርሷ የበሩን መቃን ይዛ ተርጉማ ጨረሰችው።

አናጢው «ስለ ራቱ እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ «ጨዉንም በየማታው ስለሚያቀርቡልኝ።»

«የምን ጨው?»

«ይቺን» ብሎ ከቀኝ እጁ አጠገብ ያለችውን አሳያቸው።

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷም አባቷን አየች። «እኔ ጨው ሐኪም ከከለከለኝ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያቺን ዕቃ ነክቻት አላውቅም። ጨው የምትገፋ እሷ ነበረች። ያውም ለወደደችው ሰው ብቻ ነው።»

ሾርባው ይተናል።

«ሌላም ነገር አለ» አሉ ሽማግሌው። «በየማታው የማወራው ከሷ ጋር ነበር። የኔ ዓለም የምላት እሷን ነው። ከወር በፊት፣ ያ ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ‹ልጃችንን ለዚህ አናጢ እንዳራት ወይ?› ብዬ ጠየቅኋት። ከወንበሩ መልስ መጣ።»

«ምን የሚል?»

«‹እሺ አባባ› የሚል።»

አናጢው ፊቱ ቀላ። «አባባ፣ ያ እኔ ነኝ! ምን እንደጠየቁ አልገባኝም ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ፤ አንተ አልገባህም። እሷ ግን ገብቷታል።» ወደ በሩ ዞሩ። «አንድ ወር ሙሉ ላወጣው እየፈለግሁ ፈራሁ። ከዳርኩሽ ቤት ሠርታችሁ ትወጣላችሁ፣ ወንበሩም መልሶ ባዶ ይቀራል ብዬ ነው። ትላንት ሲነሳ ባዶውን አየሁት፤ ሌሊቱን አልተኛሁም። እናትሽ እሺ ካለች እኔ ማን ነኝ? ተባረኩ። አንድ ነገር ብቻ፣ ራት እዚሁ ብሉ።»

ነርሷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«እስከ መቼ በር ላይ ትቆሚያለሽ? ነይ እንጂ፣ ልጄ።»

«ወንበር የለም አባባ።»

አናጢው ተነስቶ ሮጠ። ከክፍሉ የራሱን በርጩማ አምጥቶ ከወንበሩ አጠገብ አስቀመጠላት። ሽማግሌው ሦስተኛ ሳህን አወጡና ቀዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤ እንባዋ ሾርባው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጨው የለውም» አለች እየሳቀች እያለቀሰች፤ እጇን ወደ አናጢው በኩል ልትዘረጋ አለች።

መዘርጋት አላስፈለጋትም። የጨው ዕቃዋ ከሷ ቀኝ እጅ አጠገብ ነበረች። ማን እንደገፋት ከሦስቱ አንዳቸውም አልጠየቁም፤ ራታቸውን በሉ።