በጭራዋ የተሰካችው የፕላስቲክ ዓሣ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ላይ "አንተም እንደነሱ ሆንክ?" እንዳትሉኝ። እዚህ በስደት በምንኖርበት የካዚኖ ከተማ፣ ዳውንታውን ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት የሌሊት ሴኩሪቲ ሆኜ ሠርቻለሁ፣ እዚያ ቤት ስምንተኛው ፎቅ ላይ ሴትዮ ታለቅሳለች ብሎ ያልደወለ እንግዳ የለም፣ ባትሪዬን ይዤ ስንት ጊዜ ወጥቼ አይቻለሁ መሰላችሁ፣ የምታለቅሰው ሴትዮ የበረዶ ማሽን ናት። ባለቤቴ ሕልም አይታ ደንግጣ ስትነሳ እንኳን "ማታ ምን በልተሽ ነው?" ነው የምላት። እንግዲህ ይህን የምነግራችሁ እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን ያዙልኝ።

ጋሽ ዘሪሁን የሚባሉ ወዳጅ አሉኝ፣ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ከወጡት ሰዎች ናቸው፣ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ከአየር ማረፊያ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ከዚያ በፊት ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሐሙስ ማታ ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይ ሥራ ቦታ ደወለችልኝ፣ ድምፅዋን ስሰማ ገና ሳትናገር ገባኝ፣ የጋሽ ዘሪሁን ታላቅ ወንድም ጋሽ ጌታሁን ሐዋሳ አርፈዋል።

መርዶ በእኛ ወግ በስልክ አይነገርም፣ ይህን ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ሰው ተሰብስቦ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። አገር ቤት ቢሆን ሊነጋጋ ሲል ይኬድ ነበር፣ እዚህ ግን ሊነጋጋ ሲል ግማሹ አበሻ ገና ካዚኖ ውስጥ ቆሟል፣ ስለዚህ እዚህ አገር መርዶም በሺፍት ነው። ታናሽ እህታቸው ከሲያትል ቅዳሜ ቀትር ላይ ትገባለች፣ እሷ ስትደርስ፣ ቄሱም ሲመጡ፣ የቀን ሠራተኛውም ፈቃድ ሲያገኝ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይነገራቸው ተባለ። እስከዚያ ድረስ እንዳይሰሙ መጠበቅ ነው። በክረምቱ ልባቸው ታሞ የደም ሥራቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶላቸው ነበር፣ ሐኪሙ ድንጋጤ አይሆንላቸውም ብሏል፣ እትዬ ፀሐይ የፈራችው ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙት ነው።

"ሚኪዬ፣ ስልኩን ደብቄበታለሁ" አለችኝ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ውሰድልኝ፣ እስከ ቀትር እንዳትመልሰው። ደግሞ አፍህን ያዝ፣ አደራህን።"

አደራ ስባል ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም።

ቅዳሜ ከሌሊት ሺፍት ወጥቼ፣ ዩኒፎርሜን መኪና ውስጥ ቀይሬ የሚኖሩበት ሠፈር ሮድስ ራንች በር ላይ ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። እግሬ ዝሏል፣ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል፣ እመኑኝ፣ በዚያ ሳምንት ስድስት ሌሊት ሠርቻለሁ፣ አንዱ ኦቨርታይም ነው። ጋሽ ዘሪሁን ትንሿን የአሉሚኒየም ጀልባ ከመኪናቸው ኋላ አስረው ቆመው ነበር።

"ስልኬን አጣሁት እኮ" አሉኝ ገና ሳልወርድ። "ፀሐይ ደግሞ ዛሬ እንፈልገው እንኳን አላለችም፣ ሂድ ሂድ ብቻ። ምን ሆናለች?"

"ሥራ በዝቶባት ይሆናላ" አልኩ፣ ውሸት አልችልበትም፣ ጆሮዬ ነው የሚቀላው።

ሚድ ሐይቅ ስንደርስ ውሃው ፀጥ ብሏል፣ ንፋስ የለም፣ ሌላ ጀልባም አላየሁም። ዳር ዳሩን ትተን መሐል ወጣን፣ የምንፈልገው ክራፒ የሚባለውን ዓሣ ነበር፣ በጥቅምት ከዳር ርቆ ጥልቁ ላይ መንጋ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ጀልባው ላይ ባለችው ዓሣ የምታሳይ ስክሪን ላይ ደመና መስሎ ይታያል። ጋሽ ዘሪሁን ሞተሩን አጥፍተው "ይኸው፣ ሃያ ፊት ጥልቀት ላይ ናቸው" አሉ። መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ማባበያዎቹን መንጠቆው ላይ እኔ እንድሰካ ሰጡኝ፣ የጣት ርዝመት እንኳን የሌላቸው ለስላሳ የፕላስቲክ ዓሦች ናቸው፣ ራስ አላቸው፣ ጭራ አላቸው፣ ሲነኳቸው ይዝለገለጋሉ።

አሰካኩን አሥር ጊዜ ነግረውኛል፣ በዚያ ቀንም ደገሙልኝ። "አፍንጫዋ መንጠቆው አናት ላይ ካለው ክብደት፣ ከእርሳሱ ጋር ይግጠም፣ መንጠቆውን መሐል ለመሐል አሳልፈህ በጀርባዋ አውጣው። ከጠመመች ውሃ ውስጥ ትሽከረከራለች፣ ክራፒ ደግሞ ሞኝ አይደለም።" እኔም አፍንጫዋን ከእርሳሱ አገጠምኩ፣ ቀጥ ማለቷን በብርሃን አየሁ፣ ለሳቸውም ለእኔም ሰክቼ ክሩን ለቀቅን። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፣ ቢደክመኝም እጄ የሚሠራውን አውቅ ነበር።

ክራፒ ሲበላ ክሩን አይጎትትም፣ ከታች ወደ ላይ ስለሚጎርስ ክሩ ድንገት ይላላል እንጂ። የእኔ ክር ላላ። ዘንጉን ብድግ አደረግሁ፣ ምንም የለም፣ ጠቅልዬ አወጣሁት፣ ዓሣ የለውም፣ ማባበያዋ ግን በጭራዋ ነው የተሰካችው። ጭራዋ ከእርሳሱ ጋር ተገጥሞ፣ መንጠቆው መሐል ለመሐል አልፎ፣ ራሷ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው፣ ቀጥ ብላለች።

ምን አልኩ መሰላችሁ? "ሚኪ፣ እንቅልፍ ገድሎሃል" አልኩ ለራሴ። ነቅዬ ጣልኳት፣ አዲስ አወጣሁ፣ አፍንጫዋን ከእርሳሱ አገጠምኩ፣ አሁንስ ብዬ ሁለት ጊዜ ቼክ አደረግሁ፣ ክሩን ጣልኩ። ከጀልባው ሥር አንዲት ድምፅ ትሰማለች፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ብረቱን በጥፍር እንደመምታት ያለች፣ ውሃ ነው አልኩ፣ ውሃው ግን ዝም ብሎ ነበር። ክሩ ላላ። አወጣሁት። በጭራዋ።

ያን ጊዜ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጋሽ ዘሪሁን እንዳያዩብኝ መዳፌ ውስጥ ደበቅኳት። እሳቸው ግን አይተዋል። "ምንድን ነው?" ብለው እጄን ፈቱና ወሰዷት፣ ቅርብ ማየት ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፣ ከራሷ ወደ ጭራዋ፣ ከጭራዋ ወደ ራሷ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

"ጌታሁን እንዲህ ነበር ትል የሚሰካው" አሉ። "ሐዋሳ ልጆች ሆነን፣ በጭራው። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይስቅበታል፣ ዓሣ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። አባታችን ራሱ ቢቆጣው አልተወም።"

በአሥራ አምስት ዓመት ወዳጅነታችን ይህን አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም፣ ልማልላችሁ እችላለሁ። እሳቸው ፕላስቲኳን በእጃቸው ይዘው ወደ ውሃው እያዩ ቀጠሉ።

"ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። ሦስቱንም ሥራ ላይ ሆኜ። አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ሻንጣ ጫን፣ ሻንጣ አውርድ፣ ቅዳሜ እደውልለታለሁ አልኩ። ዛሬ ነው እንግዲህ ቅዳሜ፣ ስልክህን እስቲ አምጣልኝ።"

"እዚህ ኔትወርክ የለም ጋሼ" አልኩ፣ እውነትም አልነበረም፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናግሬ ውሸታም የሆንኩ መሰለኝ። አሁን ምን ይባላል? ልንገራቸው ብል መሐል ሐይቅ ላይ ነን፣ ልባቸው እንዲያ ነው፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው እኔ ብቻ፣ እኔም ራሴን መያዝ አቅቶኛል። አልነግራቸው ብል ደግሞ ሰውየው የሚደውሉለት ወንድም የለም። ያን ያህል ሰው ያሳዘነኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም፣ አንጀቴን በሉት።

"ስንመለስ እደውልለታለሁ" አሉና ዘንጋቸውን ያዙ። እኔ የጀልባውን ጠርዝ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ፣ ለዚያውም መተኛቴን አላውቅም፣ ፀሐይዋ ፊቴን ስታሞቀው ብቻ ነው የማስታውሰው። ስገልጠው ጋሽ ዘሪሁን ዘንጉን አስቀምጠው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። ፊታቸው ነጥቷል። ከጀልባው ሥር የነበረችው ድምፅ ቆማለች።

"ሚኪ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ቤቴ አሁን ማን ማን አለ?"

ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው አበሻ የለም። አደራው እዚያው ጀልባ ላይ ፈሰሰ፣ "ሰው አለ" ነው ያልኩት፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

"እህቴስ?"

"ቀትር ላይ ትገባለች።"

ደረታቸውን ይዘው ቆዩ፣ እኔ ብድግ ልል ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ፣ ድምፅ የለውም። ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠርገው "እስክትደርስ እንጠብቅ" አሉ። "ሰው ተዘጋጅቶበታል፣ አናበላሽባቸው።" እናም ጠበቅን። ሁለታችንም ክራችንን አውጥተን፣ ምንም ሳናጠምድ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትሆን ድረስ። እንደዚያ ቀን የረዘመ ጠዋት አላየሁም፣ ደግሞ ሁለተኛ እንቅልፍ አልመጣብኝም።

ቤታቸው ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ቆሟል። ጋሽ ዘሪሁን እንደማያውቅ ሰው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ቄሱ ሲነግሯቸው ያን ጊዜ የሰሙ ያህል ጮኹ፣ እኔ በቀኝ በኩል ይዣቸው ነበር። እትዬ ፀሐይ በዓይኗ አመሰገነችኝ። ወዲያው ወጥቼ ጓሮ ሄጄ ወንበር ስደረድር ዋልኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ "ደክሞኝ ነው፣ በስህተት ገልብጬ ሰክቼ ነው" ብዬ እተኛ ነበር። ከአርባው በኋላ ግን አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋቸው፣ ጠይቅ ጠይቅ ይለኛል።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት በዚያች ማባበያ ብቻ እንዴት አወቁ?"

"በየትኛዋ?"

"በጭራዋ በተሰካችው።"

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "እሷንማ ደክሞህ ነው በስህተት የሰካሃት፣ እሷ ጌታሁንን አስታወሰችኝ እንጂ ምን ትነግረኛለች? አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?"

"እኔ?"

"ተኝተህ ነበር። ዓይንህ ግጥም ብሎ። 'አንዱን ጫማ አድርጌያለሁ' አልከኝ፣ 'ሁለተኛው እጄ ላይ ነው፣ ሐይቅ ልወርድ ነበር፣ አንተን ብጠራህ ብጠራህ' አልከኝ። አንተ እያልክ ነው ያወራኸኝ። እስከዛሬ ከእርስዎ ሌላ ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ነው የማን ቃል እንደሆነ የገባኝ።"

እስቲ ልብ በሉ። ጋሽ ጌታሁን አንድ እግራቸውን ጫማ አድርገው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ አልጋቸው ጠርዝ ላይ መገኘታቸው እውነት ነው፣ ግን ይህ ወሬ እዚህ የደረሰው መርዶው በተነገረ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ልጃቸው ከሐዋሳ ለአክስቱ፣ ከሲያትል ለመጣችው፣ በስልክ ሲነግራት፣ እኔም እዚያው ሳሎን ቆሜ ነው የሰማሁት። ሐሙስ ማታ ነግረሽኝ ነበር ወይ ብዬ እትዬ ፀሐይን ጠየቅኳት፣ እኔም በሦስተኛው ቀን ነው የሰማሁት አለችኝ። ጋሽ ዘሪሁን በሐዘን ቀኑ ተምታቶባቸው ይሆን? ሊሆን ይችላል፣ እንደዚያ ቢሆን ደስታዬ ነው፣ ግን ሲነግሩኝ እንደተምታታበት ሰው አልነበሩም።

ሐይቅ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፣ ሲደውሉልኝ ኦቨርታይም አለብኝ እላለሁ፣ የእውነት ኦቨርታይም እየወሰድኩ ነው፣ ሰው ፊት መተኛት ፈርቼ። ከሥራ ስገባ ግን ይደክመኛል፣ ሰው ነኝና እተኛለሁ። ባለፈው ሰኞ ስነቃ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፣ ልብሷን እንኳን አልቀየረችም፣ "ምን ሆነሻል?" አልኳት፣ "ምንም" አለች። ተኝቼ የምለው ነገር ካለ እንዳትነግረኝ ለመንኳት። እሺ አለችኝ፣ ከዚያ ተነስታ ሌላ ክፍል ገብታ ለእናቷ ደወለች፣ "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" ስትል ሰማኋት።