ሊዝ የገባበት ከተማ

ሃይለአብ ካዛንቺስ ፎቶኮፒ ቤት ይሠራል፤ አፉ ግን ቻይናን ዞሮ ተመልሷል። ጥፋቱ የሰገን ነው። በ2002 ዓ.ም. የስኮላርሺፕ ደብዳቤዋን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ወረቀቱ ላይ «ቺንግዳዎ» የሚል የወደብ ከተማ ስም አየ፤ ቀና ሲል ደግሞ ዓይኖቿን አየ። ማሽኑ ጨረሰ፤ እሱ አልጨረሰም።

«እዚያማ አራት ዓመት ኖሬያለሁ!»

«አትዋሽ!»

«ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁ ጠፍቶበት ፖሊስ ጣቢያ ያመለክታል ስልሽ!»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ኮፒ የማያስፈልገውን ሁሉ ኮፒ ልታስደርግ ትመጣ ጀመር።

እናቷ ወይዘሮ መብርሂት ግን አንድ ልጃቸውን ለማያውቁት አገር ሊሰጡ አልፈለጉም። «ኖሮበታል ያልሽውን ልጅ አምጪው። ደህና ነው ካለኝ ትሄጃለሽ፤ ካላለኝ በቃ።»

ሃይለአብ እነሰገን ቤት ሄዶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንድትሄድ አልፈለገም። ሴትዮዋ ትኩር ብለው ሲያዩት ግን ውሸቱ ሁሉ ከዳው፤ ለሰገን የሚነግራት ወሬ እንዳያልቅበት ሲል ያነበበው አንድ እውነት ብቻ ትዝ አለው።

«ከተማውን ድሮ ጀርመኖች ለዘጠና ዘጠኝ ዓመት በሊዝ ወስደውት ነበር።»

«ሊዝ?» ወይዘሮ መብርሂት ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። «መሬቱ ለሊዝ ተፈለገ ብለው አይደል ከጎናችን የነበሩትን ቤቶች በዶዘር የደረመሷቸው? ዶዘር ወደሚጠብቀው ከተማ ልጄን አልልክም!»

ሰገን አንገቷን ደፋች። እንባዋ ጉልበቷ ላይ ጠብ አለ።

ዝም ቢል ትቀርለታለች። ያውም ሳይዋሽ! በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞት አያውቅም።

«አይፈርስም፣ እትዬ» አለ። «ጀርመኖቹን በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ጃፓኖች አስወጧቸው። ጀርመኖቹ የሠሯቸው ባለቀይ ጣሪያ ቤቶች ግን ዛሬም ቆመዋል።»

«በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም። ማለቴ... ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም። ለሰገን ስል መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት።»

«ውሸታም መሆንህን ገና ስትገባ አውቄአለሁ» አሉት። «እውነት ስትናገር ደግሞ እንዲህ ላብ ያጠምቅሃል። ትሂድ!»

ሰገን እስከ ኡራኤል ታክሲ ድረስ ሸኘችው።

«እንድሄድ ፈልገህ ነው?»

«እንድትቀሪ ነው የፈለግኩት።»

«ታዲያ ምነው አፍህን አልዘጋህ?»

«ስታለቅሺ አየሁሽ፤ በቃ።»

ቆም ብላ አየችው። «ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው። ትጠብቀኛለህ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን «መቶ ዓመት፣ በአንድ እግሬ ቆሜ!» ይላት ነበር።

«ሁለት ዓመት እጠብቅሻለሁ» አላት።

ሰገን እጁን ያዘች። የመጣውን ታክሲ አሳለፉት።