ያልተለወጠ ትከሻ

እሳቱን አትቆስቁሱት፤ እንዲሁ ይሁን። ይህ ነገር ብዙ ብርሃን አይወድም። አንተ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጥከው፣ ወደ እኛ ጠጋ በል። ጀርባህን ለጨለማ አትስጥ።

ሁላችሁም አላችሁ? ደህና።

ድሮ ነው። ሰዓቱ ጅብ ጮኾ ጮኾ ዝም የሚልበት፣ ዶሮም ገና ያልጮኸበት ነው። መንገዱ ከአንድ መንደር ተነስቶ የአስታውን ጫካ ያልፋል፤ ጅባራ ብቻ ወደሚበቅልበት ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ድንጋይና ውርጭ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ለሰው አይበቃም። ራስ ይፈልጣል፤ ጉልበት ይከዳል። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት ማን ይሄዳል? ማንም። ያን ሌሊት ግን አንድ ቃሬዛ ይሄድ ነበር።

ቃሬዛው ላይ የተኛችው ስመኝ ናት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ልጁ አልወጣም። ከተራራው ማዶ እጇ የታመነ አዋላጅ አለች፤ ግን አሮጊት ናት፤ ዳገት አትወጣም። ስለዚህ ስመኝ ወደ እሷ መሄድ አለባት። ከፊት ችቦ ይዞ የሚመራው ባሏ እንየው ነው።

አመሻሽ ላይ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ሞላልኝ ቃሬዛውን ያዝ አድርገው አስቁመውት ነበር።

«እንየው፣ ልጄ፣ ለዚህ ተራራ ስምንት ሰው ያስፈልጋል። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ያርፋሉ። ወንዶቹ ነገ ጠዋት ከገበያ ይገባሉ። ጠብቅ።»

«እሷስ እስከ ጠዋት ትጠብቃለች፣ አያ?»

ሽማግሌው ቃሬዛውን አለቀቁም። «እንግዲያው ሌላ ሰው ይምራ» አሉ። «የታማሚ ባል ቃሬዛ አይመራም። አንተ ትከሻህን ስጥ።»

«መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ማነው?»

ማንም አልነበረም። እውነቱን ነው። አያ ሞላልኝ እጃቸውን ከቃሬዛው አነሱ።

ወጡ። ከፊት ሁለት የመንደሩ ወንድማማቾች ተሸከሙ። ከኋላ በግራ ጓዴ የሚባለው ጎረቤታቸው፣ በቀኝ ደግሞ የስመኝ ታናሽ ወንድም ቢተው። ገደሉ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ወገባቸውን በአንድ ጠፍር ታሰሩ። አንዱ ቢንሸራተት ሌሎቹ እንዲይዙት ነው።

«ስመኝ፣ ለሠርግሽ በበቅሎ ነበር የወሰድንሽ» አለ ጓዴ እያለከለከ። «ዛሬ በሰው ሆነ። ክብርሽ ጨመረ!»

«በቅሎዋ እንዳንተ አትለፈልፍም ነበር» አለች ስመኝ ጥርሷን ነክሳ። ሳቁ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ገደሉን ጨርሰው ሲወጡ እንየው «ጠፍሩን ፍቱት፤ ያዘገየናል» አለ። ተያዩ። ፈቱት።

ከዚያ ጭጋጉ መጣ።

«ጋሼ፣ ለውጡኝ» አለ ቢተው።

«ትንሽ ቆይ» አለ እንየው።

ሄዱ። ሄዱ።

«ጋሼ፣ ትከሻዬ ሞተ።»

«ትንሽ ቆይ፣ ቢተው። ከዚያ ድንጋይ ማዶ።»

ከድንጋዩ ማዶ ሌላ ድንጋይ ነበር። እንየው ጨካኝ ሰው አልነበረም። እየሄደ ያሰላ ነበር። ብናርፍ እንቀመጣለን፤ ከተቀመጥን ብርዱ አያስነሳንም። እኔ ብቀበለው ማን ይመራል? ሁሉም ስሌት ልክ ሆነለት። ቢተው ግን በስሌቱ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ይህን ልብ በሉ። በዚያ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። ከኋላ ይደርስና «ስጠኝ ወንድሜ» ይላል፤ ከደከመው ሰው ትከሻ ይቀበላል። ያ የደከመ ሰው «አንተ ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል? እናንተ ብትሆኑ ትጠይቃላችሁ?

ቢተው ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀም። «ተመስገን፣ በረታ» አለ እንየው በልቡ።

ቃሬዛው ፈጠነ። ዳገት ላይ ፈጠነ።

«ከኋላ አትግፉን እንጂ!» አሉ ወንድማማቾቹ።

«እኔ አልገፋሁም» አለ ጓዴ።

እንየው ጆሮውን ጣለ። እዚያ ከፍታ ላይ የሰው ትንፋሽ እንደ ወናፍ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል። የወንድማማቾቹ ይሰማል። የጓዴ ይሰማል። የስመኝ ይሰማል። የቢተውስ? የለም።

«እንየው» አለች ስመኝ። ፊቷ ወደ ኋላ ነበር። «ቢተው ጠጉሩ መቼ ነው የሸበተው?»

«ውርጭ ነው፣ ስመኝ።»

«ዓይኑንስ ለምን አያርገበግብም?»

እንየው ችቦውን ይዞ ዞረ። በቢተው ቦታ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተሸክሟል። ከሌሎቹ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከእሱ አፍ ምንም አይወጣም።

«ቢተው?»

«ሂድ» አለው ያ ሰው። እንዲያ የደከመ ድምፅ እንየው ሰምቶ አያውቅም። «እኔ ትከሻ አልለውጥም። ሳይነጋ አደርስልሃለሁ።»

ያደርስለታል። እንየው ይህን አልተጠራጠረም። ከፊት አዋላጇ አለች፤ ከኋላ፣ በውርጩ ውስጥ፣ የሚስቱ ወንድም ቀርቷል። እናንተ ምን ታደርጉ ነበር? እንየው በልቡ እንዲህ አለ፦ «ቢተው፣ እመለስልሃለሁ፤ ትንሽ ቆይ።»

ትንሽ ቆይ። ቃሉን ሰማው። የገዛ ራሱን ቃል።

«አውርዱ!» ብሎ ጮኸ።

«ቃሬዛ መሬት ላይ?» አለ ጓዴ። በዚያ አገር መንገድ ላይ መሬት የሚወርደው የሞተ ሰው ቃሬዛ ነው።

«አውርዱ አልኩ!»

ወንድማማቾቹ አወረዱ። ጓዴ አወረደ። አራተኛው ማዕዘን አልወረደም።

እንየው ችቦውን አስጠጋ። ከእንጨቱ ሥር ሰው የለም። እንጨቱ በትከሻ ልክ አየር ላይ ቆሟል። ስመኝ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረች። እንየው ችቦውን ለጓዴ ወርውሮ ሮጠ፤ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ከተተ። ሊል የሚችለው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ስጠኝ ወንድሜ።»

ክብደቱ መጣበት። የስመኝ ብቻ አልነበረም። በጆሮው ሥር ረጅም ትንፋሽ ሰማ።

«እፎይ... እኔም ስመራ፣ ትንሽ ቆይ እል ነበር።»

ከዚያ ጭጋጉ ብቻ ቀረ።

ቃሬዛውን ቋጥኝ ሥር አስጠለሉት። «እኔን ተወኝ፤ ወንድሜን አምጣልኝ» አለች ስመኝ። ወንድማማቾቹ ጋቢያቸውን ደርበውላት አጠገቧ ቀሩ። እንየውና ጓዴ በጠፍሩ ተያይዘው ወደ ኋላ ሄዱ። ቢተውን አገኙት። ጅባራ ተደግፎ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ከትቶ፣ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

«አንድ ሰው ተቀበለኝ» አለ ምላሱ ተሳስሮ። «አንተ መስለኸኝ፣ ጋሼ።»

በጥፊ እየመቱ አስነሱት። በጠፍሩ ከመሀላቸው አሰሩት። ጎህ ሲቀድ ከወንድማማቾቹ ታላቁ ከፊት እየተሸከመ መንገዱን መራ፤ እንየው በቀኝ ከኋላ ተሸከመ። አንዱ «ለውጡኝ» ሲል ሁሉም ወዲያው ቆመው አረፉ። በዝግታ ደረሱ። ስመኝ ተርፋለች። ልጁም አልቅሷል።

እዚህ ብናቆም ጥሩ ነበር። እንተኛ ነበር።

እንየው ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ቀኝ ትከሻው አላረፈም። አልጋው ላይ ተጋድሞ ይደክመዋል። ድግስ ላይ ተቀምጦ ይደክመዋል። «ስመኝ፣ አልወረደልኝም እኮ» ይላታል። ልጁን ዳረ፤ ሸበተ፤ ሞተ።

በሞተ በዓመቱ ሌላ ቃሬዛ ያን ተራራ ወጣ። ከኋላ በቀኝ የነበረው ተሸካሚ ውርጩ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ነፍሱ ስትመለስ እንዲህ አለ፦ «አንድ ሽበታም ሰው ተቀበለኝ። ‹ስጠኝ ወንድሜ፤ ትንሽ ቆይ ብዬህ ነበር› አለኝ።»

ይህን ለስመኝ ነገሯት። አሮጊት ሆና ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ዛሬም ደክሞታል?»

ስለዚህ እዚያ መንገድ ላይ ብቻችሁን አትሂዱ። አብራችሁ ስትሄዱም የሚመራችሁ ሰው ይስማችሁ፤ ሲደክማችሁ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ትከሻችሁ በድንገት ቢቀልላችሁ ግን ደስ አይበላችሁ። ዞራችሁ ስሙን ጠይቁ።

በሉ፣ ተነሱ፤ ወደየቤታችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

አንተ፣ በሩ አጠገብ ያለኸው። ጠጋ በል ብዬህ ነበር። ከቀኝ ትከሻህ ላይ ጋቢህን ማን ተቀበለህ?