ሞተሩን ያጠፋው ማን ነው?

ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር አዲሷ ሃይብሪድ መኪናቸው ውስጥ፣ መሪው ፊት እንደተቀመጡ፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ እንደተዘረጋ ሞተው ተገኙ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲፈትኑ የኖሩት ሰውዬ፣ መኪናዋን ከገዙ ወዲህ ማታ ማታ ከመጽሐፉ ጋር ሲታገሉ ነበር የከረሙት።

ሐኪሙ «በጢስ ታፍነው ነው» አለ። የጋራዡ በር ዝግ ነበር። ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

«የሞተ ሰው ሞተር ያጠፋል?» አሉ የሟች እህት፣ ጣታቸውን ወደ ሟች ሚስት ቀስረው። «እሷ ናት በሩን ዘግታ ያፈነችው! ሲያስነሳው በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ባልደረቦቿ «ቆቂት» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ዳሽቦርዱን አየች። አንዲት ቁልፍ ተጫነችና ወጣች።

ሚስትየዋን ወጥ ቤት አገኘቻቸው።

«በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ። ብርድ ያስለዋል። ሞተሩ እኮ ድምፁም አልነበረ! ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌለት ነው የወጣሁት።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

ሴትየዋ ድምፃቸው ሰለለ። «ጠዋት ‹እግሬ ፔዳሉ ላይ የማይደርስ መኪና ምን ያደርግልኛል› ብዬ አሳዘንኩት። እስኪ ንገሪኝ ልጄ፣ በዚህ ተከፍቶ ራሱን አጥፍቶ ይሆን?»

መርማሪዋ የሟቹን ወንድ ልጅ ጠራችው።

«መኪናዋን ነክተሃል?»

«ማን አስነክቶኝ! መሪውን ስይዝ አባዬ ‹መጀመሪያ ገጽ አንድን አንብብ› ይለኛል» ብሎ ሊስቅ ሲል እንባው ቀደመው።

በማግስቱ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ መሪው ፊት ተቀመጠች።

«ሞተር ሲነሳ የሰማ እጁን ያውጣ።»

ማንም እጁን አላወጣም።

«በይ አስነሺዋ!» አሉ እህትየው።

«እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስቻታለሁ፣ እትዬ። ታዲያ የዚያን ቀን የሰሙት የየትኛዋን መኪና ነው?»

እህትየው አንገታቸውን ደፉ።

መርማሪዋ ማሞቂያውን ከፈተች። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ ልጅየው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«በባትሪ ያለ ድምፅ ትሠራና፣ ኃይል ሲያስፈልጋት ሞተሩን ራሷ ታስነሳለች፤ ሲበቃት ራሷ ታጠፋለች። ያን ዕለት ስደርስ መኪናዋ እንዳልጠፋች የምታሳየው ይህች አረንጓዴ መብራት እንደበራች ነበረች። ሞተሩን ያጠፋ ሰው የለም። እሳቸውም ድምፅ ስላጡ አልጠረጠሩም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሙቀቱ እንቅልፍ ሲጥላቸው ጢሱ መጣ።»

«ይሄንን ሳያነብ ቀርቶ?» አለ ልጅየው።

«እዚያ ገጽ ላይ አልደረሱም። መጽሐፉ የተከፈተው ስለ ወንበር አስተካከል የሚያስረዳው ቦታ ላይ ነበር።»

ወርዳ «2» የሚል ቁልፍ ተጫነች። ወንበሩ እያዘገመ ወደ ፊት ተጠጋ፣ ከፍም አለ።

«የእርስዎን ልክ እዚህ ቁጥር ላይ አስቀምጠውልዎት ነበር። ይግቡ፣ እትዬ።»

ሚስትየዋ ገብተው ተቀመጡ። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ደረሰ።

«የሰው እጅ የለበትም» አለች መርማሪዋ።

«የእኔ እጅ አለበት፤ በሩን ዘግቻለሁ» አሉ ሴትየዋ። «ግን… በእኔ አዝኖ አልሞተም፣ አይደል?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው በሩን ዘግቼ የገደልኩት እኔው ልሁን» አሉና መሪው ላይ ተደፍተው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ።