በቢጫ መደብ ላይ የተጻፈው ቅኔ

ባምላኩ በሞላሌ ከተማ ገበያ ዳር ወዳለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የገባው የአባቱን ቅኔዎች ይዞ ነው። አባቱ መሪጌታ ልዑልሰገድ ዓይናቸው ደክሞ የገዛ እጃቸውን ጽሑፍ ማንበብ ተስኗቸዋል። ሐኪሙ በቢጫ መደብ ላይ በወፍራም ጥቁር ፊደል ቢጻፍላቸው ሊያነቡ እንደሚችሉ ነግሯቸው ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው መቅደላዊት ሥራውን አቅልላ ተቀበለችው። ግን አልሆነም። ቢጫውን ለፊደሎቹ ስታለብስ በመስመሮቹ መሐል ነጭ እየቀረ ገጹ ተዥጎረጎረ። ኮምፒውተሩም በፈቀደው ቦታ መስመር እያወረደ የቅኔውን ስንኞች አንዱን ቤት ከሌላው ቀላቀለው። መሪጌታ አንድ ገጽ ሞክረው መለሱት፤ ዓይናቸው ነጩ ላይ እየወደቀ ይጠፋባቸዋል።

ባምላኩ አስተማሪ ስለሆነ ከትምህርት በኋላ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ጀመር። እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። አንዱ የቅኔ ቤት ሲሞላ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ያኔ እሷ ወደ አዲስ መስመር ለመውረድ ኢንተር ትጫናለች። እየቆየ ግን ገና ሳያርፍ ጣቷ ቁልፉ ላይ ይደርስ ጀመር። አንድ ቀን ይህን አስተዋለና ማንበቡን ትቶ አያት። እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም፤ ፊቷ ግን ፈካ።

ቀለሙን ከፊደሎቹ አንስታ ለአንቀጹ በሙሉ ስትሰጠው ገጹ እንደ ደረሰ የገብስ ማሳ ወጥ ሆነ። ሁለቱም ደስ አላቸው። ባምላኩ ግን ሲስቅ ቆይቶ የደበቀውን ነገራት። አባቱ ቀየት በምትባል መንደር የሚኖሩትን ወዳጃቸውን የአቶ ወዳጆን ልጅ እሱ እንደሚያገባ ቃል ሰጥተዋል። ልጅቷን አነጋግሯት አያውቅም።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አለችው በቀስታ።

«ካንቺ ጋር መኖር ስለምፈልግ።»

መቅደላዊት ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«እንግዲያው ለሳቸው ንገራቸው» አለችው። «እኔ ተደብቄ መወደድ አልፈልግም።»

ነገራቸው። መሪጌታ አኮረፉት፤ እሱም እሳቸውን ላለማስከፋት ከጽሕፈት ቤቱ ቀረ። መቅደላዊት እየከፋትም ቢሆን ሥራውን ብቻዋን ጨረሰችው።

አንድ የገበያ ቀን መሪጌታ ልጃቸው ትሕትና እየመራቻቸው መጡ። «ልጄን ያሸፈትሽው አንቺ ነሽ?» አሏት። መቅደላዊት እጃቸውን ይዛ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠቻቸውና ፊደሉን አጎላችላቸው።

ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዱን ገጽ ሳያቋርጡ ዘለቁት።

«ይህን ቅኔ የዘረፍኩት የልጆቼ እናት የሞተች ጊዜ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ከዓይኔ ከተለየኝ ሁለት ክረምት ሆነው።» ከዚያም ባምላኩን ትወጂዋለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

«እወደዋለሁ የኔታ። ያለ እርስዎ ምርቃት ግን አላገባውም።»

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሄጄ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔው ነኝ።»

በሳምንቱ በበቅሎ ቀየት ወረዱ። አቶ ወዳጆ ተቀይመው ሰነበቱ፤ ከፋሲካ በኋላ ለሰርጉ ግን ሙክት አስነድተው መጡ።

በዚያ ቀን መሪጌታ ተነስተው ለሙሽሮቹ አዲስ ቅኔ ተቀኙ። ካህናቱ «ይበል!» እያሉ አጨበጨቡ። ግዕዝ የማታውቀው መቅደላዊት ወደ ባምላኩ ጠጋ ብላ ቅኔው ምን እንደሚል ጠየቀችው።

«ሰሙን አሁን እነግርሻለሁ» አላት በጆሮዋ። «ወርቁን ግን ቤታችን ስንገባ።»