ሦስት ጊዜ የፈላ ውሃ

የሰዓዲያ የሁለት ወር ልጅ በዐረብ አገሩ መንፉሐ ሰፈር በሚገኘው የስደተኞች የጋራ ቤታቸው ፍራሽ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሟል። ሂክማ ተጠርታ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ከንፈሩን ነው። ሰማያዊ ነበር።

«ከሞተ በኋላ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ነው» አለች ሰዓዲያ።

ቤቱ ግን ጥፋተኛውን አግኝቶ ጨርሷል። እናቱ ሰው ቤት ሥራ ስትውል ልጁን የምትይዘው ፈቲያ፣ እንዲተኛላት መድኃኒት ሰጥታዋለች ተባለ። ስልኳን ቀምተዋታል። ውሃ የሚያመላልሰው ዓሊዬም ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ በቦቴው ወስዶ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሊያወርዳት ቃል ገብቷል። ፈቲያ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም።

ሂክማ ማሌዥያ የውሃ ኬሚስትሪ ተምራ እዚህ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ታጸዳለች። የራሷን ግምት እንኳ በቀላሉ አታምንም።

ፈቲያ እያለቀሰች ያለችው አንድ ነገር ነው፤ የዱቄት ወተቱን ሰዓዲያ እንዳዘዘቻት ሦስት ጊዜ ባፈላችው ውሃ ትበጠብጣለች። የጎረቤት ክፍል ነዋሪዋ ሀዋ ጡት የምታጠባውን ልጇን ታቅፋ አፌዘች።

«ውሃውንማ ሁላችንም እንጠጣለን፣ እህቴ። እኛን ለምን አልገደለንም?»

ሂክማ የማፍያውን ድስት አየችው። ውስጡ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ይዟል። ከኅዳሩ የስደተኞች አፈሳ በፊት እንዲህ እንዳልነበረ ሀዋ ነገረቻት። ከዚያ ሂክማ ደጅ ወደቆመው ቦቴ ወጣች። የቱቦው ወንፊት በሚሸት ጥቁር ጭቃና በብጥስጣሽ ላስቲክ ተደፍኗል። ጋቢናው ውስጥ ደግሞ ግማሹ የተጠጣ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል።

ከሰላት በኋላ ሁሉም ሬሳው ባለበት ክፍል ተሰበሰቡ። ሂክማ ለዓሊዬ በዚያው ውሃ የተፈላ ሻይ ዘረጋችለት።

«ጾመኛ ነኝ።»

«እዚህ ቤት ስትመጣ ሁሌ ትጾማለህ አሉኝ። ጋቢናህ ውስጥ ግን ትጠጣለህ።»

ዓሊዬ የሻይ ብርጭቆውን ገፋው።

«የከተማው ውሃ ከባሕር የተጣራ ነው፤ ይህን ያህል ቅርፊት አይተውም» ስትል ቀጠለች። «ይሄ የጉድጓድ ነው። በዚህ ደረቅ አገር እንዲህ የሚሸት ጭቃ ያለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ ሥር ነው። ከክምሩ የሚንጠባጠበው ወደ ከርሠ ምድር ውሃ ይሰርጋል።» ላብራቶሪ ከተጣለ ዕቃ ያነሳችውን መመርመሪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ ነከረች። ቀስ እያለ ደም መሰለ። «ናይትሬት ነው። አዋቂ ይችለዋል፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ጋም አይደርስም። በዱቄት ወተት የሚያድግ ሕፃን ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አያጠፋም። ውሃው በተነነ ቁጥር መርዙ ይበረታል።»

ሰዓዲያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ሦስት ጊዜ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«መጥፎ መሆኑን አላወቅሽም። ዓሊዬ ግን ያውቅ ነበር።»

«የከተማው ውሃ መቅጃ ጋ ኢቃማ መጠየቅ ጀመሩ» አለ ዓሊዬ ወለሉን እያየ። «የኔ ጊዜው አልፏል፤ ከጉድጓድ ቀዳሁ። ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም፣ ወላሂ።»

«ሌላ የት አራገፍክ?»

«አስራ አንድ ቤት።»

«ስንቱ ውስጥ ሕፃን አለ?»

ሰዓዲያ ተነስታ ስልኩን ፈቲያ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። ፈቲያ አባያዋን ለበሰች።

«ያላ፣ ተነስ» አለችው። «ቤቶቹን አሳየኝ።»